ከግራ የሚጀመር ጣሪያ

ጥር 19

አባዬ፣

ከእናንተ ወደዚህ በሚመላለሰው መኪና ሹፌር እጅ የላክልኝ ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። የጻፍክበት ጥያቄ አንድ ብቻ ስለሆነ መልሱም አጭር ነው፤ ሁለት። ከሰማንያው የጣሪያ ሸክላ የተሰበረው ሁለት ብቻ ነው። ያውም አንደኛው መንገድ ላይ አይደለም፤ የመመርመሪያ ጣቢያው ዘበኛ ሳጥኑ ወንበር መስሏቸው ዘፍ አሉበት። ሰውዬው ደግሞ ቀላል ሰው አይደሉም፤ ያን ሁሉ ክብደት ተሸክሞ አንድ ብቻ መሰበሩ ለሸክላችን ምስክር ነው። ልጅህ ተሰብራ እንደሆነ ግን አልጠየቅክም። ደህና ነኝ።

ያረፍኩት ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ነው። ቀኑን ሙሉ ከወለሉ ሥር የስፌት መኪና ይንጣጣል። ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ የተሰበረውን ሸክላ ቁራጭ አስደግፌበት ነው የምጽፍልህ።

ጣቢያው ረጅም መጋዘን ነው። አንድ ጫፉ ላይ ከበራችን የሚበልጥ ማራገቢያ ቆሟል፤ ከላይ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ የውሃ ቧንቧ ተጋድሟል። መሐል ላይ ዘመም ያለ ባዶ የጣሪያ እንጨት አለ። ሸክላው እዚያ ይደረደርና ነፋሱም ውሃውም ባንድ ላይ ይለቀቅበታል። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል። ጨርቁ ላይ ጠብታ ከታየ፣ ወይም አንድ ሸክላ ከቦታው ከተነሳ፣ ወድቀሻል ነው የሚሉት።

መሐንዲሱ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። አንዱን ሸክላ አንስተው አገላበጡት። ጎረቤቱን የሚከድነውን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ውሃውን የሚያወርደውን ቦይ አዩ፤ ከጀርባው ማገሩን የሚነክሰውን ጥርስ ነካ ነካ አደረጉት። «ማን ሳለው?» አሉኝ። እኔ አልኳቸው። «ለምን?» አሉኝ። ነገርኳቸው። የነገርኳቸውን እንድታውቅ ስለምፈልግ እጽፈዋለሁ፤ አትቆጣኝ። አባቴ የትምህርት ቤታችንን ጣሪያ በሜዳ ሸክላ፣ ጎረቤቱን በማይይዝ ጠፍጣፋ ሸክላ፣ ከድኖት ነበር፤ የዛሬ ሦስት ዓመት አውሎ ነፋስ ሃምሳውን ነቅሎ ወሰደው፤ አንዱ ልጆቹ ከክፍል በወጡ በአምስት ደቂቃው የፊተኛው አግዳሚ ላይ ወደቀ፤ ማንም ባይጎዳም አባቴ ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ላይ አልወጣም፤ የሚጠራውም ጠፋ፤ እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱ ሌላውን የሚይዝ ሸክላ ስስል ከረምኩ። ይኸው ነው ያልኳቸው።

ተራችን የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ከዚህ ጣቢያ ማለፊያ ወረቀት ካገኘን ርዕሰ መምህርቷ ቃላቸውን ይጠብቃሉ፤ ትምህርት ቤቱ በእኛ ሸክላ ይከደናል። ካላገኘን ቆርቆሮ ይመታበታል፤ ያ ጣሪያም ያንተ መሆኑ ያበቃል። ይህን ወረቀት ሳልይዝ አልመለስም።

ልጅህ

የካቲት 6

ልጄ፣

እኔም ደህና፣ እናትሽም ደህና፣ ጉልበቴም እንደ ልማዱ እያኮረፈ ደህና ነው።

አልተቆጣሁም። ግን ከተናገርሽ አይቀር በትክክል ተናገሪ። ሃምሳ አይደሉም፤ አርባ ሦስት ናቸው። ከግቢው አንድ ባንድ የለቀምኳቸው እኔ ነኝ። ሰባት ሸክላ ጨምረሽ ባታሰድቢኝ ምን ነበረበት።

ሰውዬው አውራ ጣታቸውን በከንፈሩ ላይ ማሳለፋቸውን ስሰማ ደስ አለኝ። ሥራ የማያውቅ ሰው ሸክላን በጣቱ ያንኳኳል፤ የሚያውቅ ጠርዙን ይዳስሳል። ጥሩ እጅ ላይ ወድቀሻል።

በሁለተኛው ወረቀትሽ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠይቀሻል። አዲስ ነገር የለም። ርዕሰ መምህርቷን ከወፍጮ ቤት ስመለስ አገኘኋቸው፤ «ልጅህ እንዴት ናት?» አሉኝ፤ ደህና ናት አልኳቸው፤ እሳቸውም ወደ ቤታቸው እኔም ወደ ቤቴ ሄድን። ከዚህ የዘለለ ነገር አልተባባልንም።

ከምድጃችን በየሳምንቱ ጭስ ይወጣል ብሎ ሹፌሩ እንደነገረሽ ጽፈሻል። ያ ሰው መሪውን ቢይዝ ይሻለው ነበር። እናትሽ ማሰሮ እየተኮሰች ነው። ብዙ ማሰሮ። እሱን ተይው።

እናትሽ ወፍራሙን ሹራብሽን ለምን ትተሽው ሄድሽ ትላለች። እኔም እላለሁ።

አባትሽ

መጋቢት 4

አባዬ፣

ሹራቡ ደርሶኛል፤ እማዬን ሳምልኝ። እዚህ ብርዱ ጠዋት ጠዋት ነው እንጂ ቀን ላይ ደህና ነው። ልብስ ሰፊው አዲስ የስፌት መኪና ገዝተዋል፤ ድምፁ ከድሮው ይሻላል። አከራዬ ውሻ አላቸው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሲያየኝ ያጉረመርም ነበር፣ አሁን ደረጃው ድረስ ይሸኘኛል። የከተማው ጣሪያ ሁሉ ጠፍጣፋ ነው፤ ብታየው ትስቃለህ፤ ዝናቡን ወዴት እንደሚልኩት እንጃ። ትናንት አንድ ሕንጻ ሥር ቆሜ የውሃ መውረጃውን ስቆጥር ዘበኛው ሌባ መስዬው ተከተለኝ።

ስለ ውጤቱ፣ ቀኑ ትንሽ ተገፍቷል። ለጊዜው መለማመጃ የመሰለ ነገር አድርገናል። ሸክላው ሲደረደር ወደ ውስጥ አያስገቡም፤ በመስታወት በኩል ነው የሚታየው። ሠራተኞቹ ሥራ የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ከቀኝ ጥግ ጀምረው መደርደራቸው ትንሽ ገረመኝ፤ ለሥራው አዲስ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ አለፍኩት።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሸክላው እሳት ውስጥ ሲገባ እኛ ከገመትነው በላይ የሚኮማተር ይመስልሃል? ጥርሱ ግማሽ ጣት ያህል ቢያጥር ማገሩን ሳይነክስ ይቀራል ወይ? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ደግሞ ለርዕሰ መምህርቷ ከአሁኑ ብዙ ተስፋ አትስጣቸው። ምን እንደሚሆን አይታወቅም።

ውሻው አንድ ጆሮው ቆሞ አንዱ የታጠፈ ነው። ይህን የጻፍኩልህ ምንም የምጽፈው ስላጣሁ ነው መሰለኝ።

ልጅህ

መጋቢት 15

ልጄ፣

አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ስትዋሺ ወሬሽ ይረዝማል። የስፌት መኪናውን አንብቤ አለፍኩት፤ ውሻው ጋ ስደርስ ግን እናትሽን ጠርቼ «ይቺ ልጅ ወድቃለች» አልኳት። እናትሽ «ታማ ይሆናል» ብላ ድርቅ አለች። አልታመመችም፣ ሸክላው ነው የወደቀው አልኳት።

ሸክላሽ ከሚገባው በላይ አልተኮማተረም። እዚህ ቀርተው የነበሩትን ሃያ ሸክላዎች በገመድ ለክቼ አረጋግጫለሁ፤ ጥርሱም ልክ ነው። አትንኪው።

አሁን የምነግርሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ሠራተኞቹ አዲስ አይደሉም። ከቀኝ የጀመሩት ጣሪያ ሠሪ ሁሉ ከቀኝ ስለሚጀምር ነው። ከግራ የምጀምረው እኔ ነኝ። እኔ ግራኝ ነኝ፤ ሸክላውን በቀኝ ክንዴ አቅፌ በግራ እጄ እያስቀመጥኩ ወደ ቀኝ እሄዳለሁ። የሜዳ ሸክላ ከንፈርም ቦይም ስለሌለው ከየትም ቢጀመር ለውጥ የለውም። ስለዚህ በአርባ ዓመት ሥራዬ አንድም ሰው ለምን ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አንቺ ደግሞ መሰላል ሥር ቆመሽ ያደግሽው እኔን ብቻ እያየሽ ነው። ጣሪያ ከግራ የሚጀመር ነገር ነው ብለሽ አመንሽ፤ ከንፈሩን በግራ፣ ቦዩን በቀኝ አድርገሽ ሳልሽው።

ከቀኝ ለሚጀምር ሰው ያ ሸክላ በጎረቤቱ ላይ አይቀመጥለትም፤ የጎረቤቱን ከንፈር እያነሳ ከሥር መወተፍ አለበት። ሲወትፈው ጥርሱ ከማገሩ ይላቀቃል። ከዚያ በኋላ ነፋሱ ቢያነሳው ምን ይገርማል።

ከቀኝ ጀመሩ የሚለውን ሳነብ ደብዳቤሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅርጹ ፊቴ ተስሎ ሁለት ዓመት ሲከርም አንድ ቀን እንኳ ያልነገርኩሽ ለእኔም ትክክል ሆኖ ስለታየኝ ነው። ይቅር በይኝ ልጄ። ግን ልዋሽሽ አልችልም፤ አፍሬ ሳልጨርስ ደስ አለኝ፤ ሳላስተምርሽ እጄን ወርሰሽዋል።

ለሽማግሌው ንገሪያቸው። እንደገና ይደርድሩት፤ ከግራ ይጀምሩ።

አባትሽ

መጋቢት 29

አባዬ፣

አዎ፣ ወድቄ ነበር። ሰባት ሸክላ ተነስቶ ጨርቁ ርሶ ወጣ። ያን ቀን ከጣቢያው ወጥቼ የት እንደሄድኩ አላስታውስም፤ ቅስሜ ተሰብሮ ነበር። እንዳልነግርህ ያደረገኝ ነገር ቢኖር አንተ ለእናቴ ስታነብላት በዓይኔ ስለመጣብኝ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ። ስለ ውሻው የጻፍኩት ግን እውነት ነው።

ደብዳቤህን ይዤ መሐንዲሱ ዘንድ ሄድኩ። አነበቡት። መነጽራቸውን አውርደው እንደገና አደረጉና አንዱን ሸክላ አንስተው ከንፈሩን አዩ። «ይህ ሁሉ ሸክላ በእጄ አልፎ ይህን ሳላይ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሳቁ፤ የሳቁት በእኔ አልነበረም። ሠራተኞቹን ጠርተው ከግራ ጀምሩ አሏቸው። ሰዎቹ ሞከሩ፤ እጃቸው እምቢ አላቸው፤ በሁለተኛው ረድፍ ላይ ተደናበሩ። «እኔ ልውጣ» አልኩ።

ወጣሁ። እንዳንተ በቀኝ ክንዴ አቀፍኩ፤ በግራ እጄ አስቀመጥኩ። እኔ ግራኝ አይደለሁም፣ ታውቃለህ፤ በቀኝ እጄ ነው የምጽፍልህ። ጣሪያ ላይ ግን ግራኝ ነኝ ለካ። እዚያ እስክወጣ ድረስ አላወቅኩም ነበር።

ነፋሱን እስከ መጨረሻው ለቀቁት። ከዚያ የበለጠ የለም ሲሏቸው መሐንዲሱ «ይቆይ» አሉ። አንድ ሰዓት ቆየ። ጨርቁ ደረቅ ነው። አንድም አልተነሳም። ስለሌላው አትጠይቀኝ፤ አለቀስኩ።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ማኅተሙ እንዳይላላጥ በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌዋለሁ። ከታች በኩል «ከግራ ብቻ የሚደረደር» የሚል አለበት። መሐንዲሱ ቅርጹን ገልብጬ ብስለው የትም አገር ያለ ጣሪያ ሠሪ ሊጠቀምበት እንደሚችል መከሩኝ። ሥራው የጥቂት ሳምንት ነው፤ ከንፈሩ ወደ ቀኝ፣ ቦዩ ወደ ግራ ይሄዳል፣ አለቀ። እምቢ አልኳቸው። «ይህ የአባቴ እጅ ነው፤ አልገለብጠውም» አልኳቸው።

ስለ ትምህርት ቤቱ ግን አሁንም አዲስ ነገር የለም ብለህ እንዳትጽፍልኝ።

ልጅህ

ሚያዝያ 12

ልጄ፣

ወረቀቱ በደህና ደርሷል። እናትሽ ማኅተሙን በመሀረብ ካልሸፈንኩ አለች፤ ተከራክረን በፕላስቲክ ተስማማን። «ይህ የአባቴ እጅ ነው» ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። አራተኛውን ለራሴ አነበብኩት።

አሁን እኔም የምናዘዘው አለኝ። ግን እናትሽ ብዕሩን ካልሰጠኸኝ ብላ አጠገቤ ቆማለች፤ ትጻፈው።

ልጄ፣ እኔ እናትሽ ነኝ። አባትሽ አዲስ ነገር የለም ሲልሽ የነበረው ቆርቆሮው ከጥር ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተከምሮ እያለ ነው። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ርዕሰ መምህርቷን ሳይሰማ፣ ገና አንቺ ከተማ ሳትደርሺ ነበር ያስመጣው። አባትሽ በየጠዋቱ በዚያ በኩል እያለፈ ያየዋል፤ ተመልሶ ይመጣና አንድም ቃል ሳይናገር ምድጃውን ያያይዛል። እኔ ማሰሮ ተኩሼ አላውቅም። የተተኮሰው ያንቺ ሸክላ ነው። አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ቀን ነው የጀመርነው፤ እኔ ጭቃውን እረግጣለሁ፣ እሱ በቅርጽ ማውጫው ያትማል። ወረቀቱ ሳይመጣ ስምንት መቶ ሠላሳ ሸክላ ተደርድሮ ነበር። «ብትወድቅስ?» ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል። ስትወድቂም አላቆመም። ይኸው ነው።

ብዕሬን አስመልሻለሁ። ሁሉንም አፈሰሰችው። በቃ፣ እውነት ነው።

ወረቀቱን ይዤ ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ገብቼ አላውቅም። አንደኛው የኮሚቴ አባል «ያ አግዳሚስ?» አሉኝ። አግዳሚውን አልረሳሁትም፣ እናንተም አትርሱት፤ ልጄም ስላልረሳችው ነው ይህን የሠራችው አልኳቸው። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጥኩ። ረጅም ሰዓት ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ አምስቱ ክፍል ቆርቆሮ ይመታበት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ብቻ በሸክላ ይከደን፣ ክረምቱን አይተን እንወስናለን አሉ። አንድ ክፍል። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ቤት ስደርስ ግን ሸክላውን ቆጠርኩት፤ ለቤተ መጻሕፍቱ ልክክ ይላል።

ማን ይደረድረዋል ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። አትጠይቂ።

አባትሽ

ሚያዝያ 24

አባዬ፣

አትጠይቂ ብለህ ብትጽፍም መልሱን ጽፈህልኛል። አትወጣም። ስድሳ ስምንት ዓመትህ ነው፤ ደረጃ ስትወጣ ጉልበትህ ሲንቋቋ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ሌላ ሰው ፈልግ። እኔ ልምጣና ልደርድረው።

ስለ ሸክላው ግን ምን ልበልህ። እናቴ የጻፈችውን ሳነብ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እኔ እዚህ ወድቄ ፊቴን ሸፍኜ ስዞር እናንተ እዚያ ጭቃ ስትረግጡ ነበር። ስምንት መቶ ሠላሳ። እናንተን የመሰለ ቤተሰብ የለም ብል ኩራት ነው፤ ይሁን፣ ኩራት ነው።

ሌላም ልንገርህ። መሐንዲሱ ሸክላውን አንድ ትልቅ የሸክላ ፋብሪካ ላላቸው ሰው አሳይተዋቸው ነበር። ሰውዬው ሊያመርቱት ይፈልጋሉ፤ ግን ተገልብጦ ነው የሚፈልጉት። ከግራ የሚጀምር ሠራተኛ ከየት አመጣለሁ አሉ። እኔም አልሰጥም አልኩ። ይህን የምነግርህ እንድታመሰግነኝ ሳይሆን እንድታውቀው ብዬ ነው።

መሰላሉን ማን እንደሚይዝልህ ብቻ ጻፍልኝ። አትወጣም እንጂ ምናልባት ብትወጣ።

ልጅህ

ግንቦት 17

ልጄ፣

መሰላሉን እናትሽ ያዘች። የምትመጪበት መኪና እስኪቆም ብጠብቅሽ ኖሮ ዝናቡ ይቀድመን ነበር፤ ስለዚህ ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ወጥቻለሁ ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር። ደርሶኝ ነበር። አንብቤ ኪሴ ከትቼ ነው የወጣሁት።

ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ድሮ በሦስት ቀን የምጨርሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው እርከን ላይ እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ እናትሽ ከታች ሆና «ውረድ» አለችኝ፤ ስወጣ አይደል የሚንቀጠቀጠው፣ ስወርድ አይብስም ወይ አልኳትና ቀጠልኩ። የመጀመሪያውን ሸክላ ግራ ጥግ ላይ አስቀመጥኩ። ሁለተኛው ከንፈሩን በመጀመሪያው ቦይ ላይ ሲያሳርፍ ትሰሚዋለሽ፤ ቀጭ ይላል። ልጄ፣ አርባ ዓመት ሸክላ ደርድሬያለሁ፤ አንድም ቀን ሸክላ መልሶልኝ አያውቅም። ያ ድምፅ ስምንት መቶ ጊዜ መለሰልኝ።

ቆርቆሮውን የሚመቱት ሁለት ጣሪያ ሠሪዎች ከምሳ በኋላ መጥተው ከታች ያዩኝ ጀመር። ሥራ ያውቃሉ፤ አጨበጨቡልኝ ማለት አይደለም፣ እጄን እጄን አዩ። በስድስተኛው ቀን አንደኛው «አባት፣ እረፍ፣ እኛ እንቀጥልልህ» ብሎ ወጣ። ረድፍ ሙሉ ሞከረ። ደህና ልጅ ነው፣ ግን እጁ ወደ ግራ እየሄደ አስቸገረው። ሸክላውን ከሥር ሊወትፍ ሲል ያዝኩት። «ሸክላው ግሩም ነው፤ ለእኛ ግን አልተሠራም» አለኝና ወረደ። እኔው ጨረስኩት።

ስለ ፋብሪካው የጻፍሽውን ለብቻው እመልስልሻለሁ። አሁን ጉልበቴን በሞቀ ውሃ እየዘፈዘፍኩ ስለሆነ አልችልም።

አባትሽ

ግንቦት 29

አባዬ፣

«ለብቻው» ያልከው ሳይመጣ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። ተናድደህብኛል ወይስ ታመሃል? እማዬም አልጻፈችም። ሹፌሩ ጣሪያውን ከመንገድ እንዳየው ነገረኝ፤ «አንድ ቁራጭ ነው የሚመስለው» አለ። ስለ ጣሪያው ብቻ ነው ያወራኝ፤ ስላንተ ስጠይቀው ወሬ ቀየረ።

ዝናቡ ወደ እናንተ እየሄደ ነው ይላሉ። እባክህ ከነፋሱ በኋላ የሆነውን ጻፍልኝ። መጥፎም ቢሆን ጻፈው። እኔ የደበቅኩህን አንተ አትድገመው።

ልጅህ

ሰኔ 11

ልጄ፣

አልተናደድኩም። ታምሜ ነበር ማለትም አይቻልም፤ ጉልበቴ አብጦ አሥር ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ መሰላል አትይ አለኝ። እናትሽ እንዳትጽፍ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ደበቅኩሽ፤ ይኸው ተናገርኩ።

ትናንት ነፈሰ። ከቀትር በኋላ ነው የጀመረው። ካፖርቴን ደርቤ ስወጣ እናትሽ ወዴት አላለችኝም፤ ምርኩዜን አቀበለችኝ። መንገድ ላይ የእህል መጋዘኑ ሁለት ቆርቆሮ እየተንደረደረ አጠገቤ አለፈ። አልደብቅሽም፣ ሁለት ጊዜ ቆሜ ልመለስ አሰብኩ። ከርቀት ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም፤ በሩ ጋ ስደርስ ነው ያየሁት። ሁሉም በቦታው ነው። ስምንት መቶውም።

ቆርቆሮውም አልሄደም፤ የሰው ሥራ አላጣጥልም። ግን ዝናቡ ሲወርድበት በአምስቱ ክፍል ውስጥ መምህር ተማሪውን፣ ተማሪ መምህሩን አይሰማም። ጮኸው ጮኸው አቅቷቸው ተዉት። ርዕሰ መምህርቷ ልጆቹን በሙሉ ሰብስበው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አስገብተዋቸዋል። ከመቶ ሰባ በላይ ልጅ በአንድ ክፍል፤ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠም አለ። አንዲት መምህርት መሐል ቆማ ታነባለች፤ እነሱ ይጽፋሉ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እኔ መስኮቱ ጋ፣ ታዛው ሥር ቆሜ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። ከላይ ያ ሁሉ ነፋስና ውሃ አለ፤ ከታች የእርሳስ ድምፅ ነበር የሚሰማው።

ርዕሰ መምህርቷ አይተውኝ እጄን ይዘው አስገቡኝ። በልጆቹ ሁሉ ፊት «ይህን ጣሪያ የሠሩት እሳቸው ናቸው» አሉ። አይደለሁም አልኳቸው። የሠራችው ልጄ ናት፤ እኔ የደረደርኩ ነኝ አልኩ። ግድግዳውን ዙሪያውን በእጄ ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ወንበር ሰጡኝ፤ ነፋሱ እስኪበርድ ከእነሱ ጋር ተቀመጥኩ።

ዛሬ ጠዋት ኮሚቴው ቤት ድረስ መጣ። ለከርሞ አምስቱም ክፍል በሸክላ ይከደን ብለዋል። አራት ሺህ ሸክላ ነው። ስለ አግዳሚው ማንም አላነሳም።

አሁን ለብቻው እመልስልሻለሁ ያልኩትን ልመልስ። ገልብጪው።

እምቢ ማለትሽን ሰምቼ ምን ያህል እንደኮራሁ አንቺ አታውቂውም፤ ወፍጮ ቤት ሳይቀር አውርቼዋለሁ። ግን ልጄ፣ ያ ጎልማሳ ጣሪያ ሠሪ ሸክላሽን ይዞ «ለእኛ አልተሠራም» ሲለኝ አልተዋጠልኝም። እኔ ከእንግዲህ አልወጣም። ከእኔ ሌላ ማንም የማይደረድረው ከሆነ ይህ ሥራሽ ከእኔ ጋር እዚህ ግቢ ይቀራል። ያንን አልፈልግም። የማላውቃቸው ሰዎች፣ በማላውቀው አገር፣ ከቀኝ ጀምረው ልጆቻቸው ላይ እንዲከድኑት እፈልጋለሁ። የእኔ እጅ ቤተ መጻሕፍቱ ላይ አለ፤ ይበቃኛል።

ለፋብሪካው ሰውዬ እሺ በያቸው። ስትጨርሺ ግን ከተገለበጠው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሸክላዎች ለእኔ ላኪልኝ። ግቢ ውስጥ ማገር ላይ በቀኝ እጄ አስቀምጬ ቀጭ ሲል መስማት እፈልጋለሁ።

አባትሽ